የሰው ዱካ ያለበት ተዳፋት ከበረዶ ናዳ ስጋት ነጻ ነው? ከኮሎራዶ የቀረበ ጥያቄና 21 መልሶቹ

ጥያቄውን ያቀረበው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ የሚኖር አባላችን ነው። ከገና በዓል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እሱና አምስት ጓደኞቹ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀው ከመጣች ታናሽ እህቱ ጋር፣ ወደ ላቭላንድ ፓስ የተራራ ማለፊያ ወጥተው በስኖውሹ ለመጓዝ አስበዋል። ስኖውሹ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ ሲሆን እግር በለስላሳ በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ ያደርጋል። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ለአካባቢው ያወጣው ትንበያ ከአምስቱ የአደጋ ደረጃዎች ሦስተኛውን ያመለክት ነበር። ጠያቂያችን ትንበያውን አንብቦታል፤ ነገር ግን እነሱን እንደማይመለከት ያምናል፤ ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አቀረበ። የመጀመሪያው፣ ናዳ የሚያስነሱት በፍጥነት ቁልቁል የሚወርዱ የበረዶ ሸርታቴ ተጫዋቾችና በሞተር የሚጋልቡ ሰዎች እንጂ ቀስ ብለው የሚራመዱ እግረኞች አይደሉም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባለፈው ሳምንት ሄዶ ባየው ተዳፋት ላይ የብዙ ሰዎች ዱካ ስላለ ቦታው ተፈትኗል የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ 3 ቁጥር ከ1 እስከ 5 ባለው መካከል ላይ ስለሚገኝ መካከለኛ ስጋት ማለት ነው የሚል ነው። ጥያቄውን የዘጋው የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያርመው በትሕትና በመጠየቅ ነበር።

እኔ የዚህ መድረክ አወያይ እንደመሆኔ መልሶቹን በቅደም ተከተል ለመተረክ የወሰንኩት ይህ ጥያቄ ክረምት በገባ ቁጥር በአንድም በሌላም መልክ ስለሚመለስ ነው። ከሦስቱ ምክንያቶች በጣም የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ማንም ሰው መረጃውን በማንበብ ያርማቸዋል። በበረዶ ላይ የታተመ የሰው ዱካ ግን በዓይን የሚታይ፣ በአእምሮ ላይም የሚያድር ስለሆነ፣ ትንበያውን ያነበበ ሰው እንኳ ቦታው ላይ ሲደርስ የሚያምነው ያነበበውን ሳይሆን ያየውን ነው።

1ኛውን መልስ የሰጠችው በቦልደር የምትኖርና ደረጃ 1 የሚባለውን የሦስት ቀን የበረዶ ናዳ ኮርስ የወሰደች እህት ናት። ጠያቂውን አስቀድሞ በመጠየቁ አመስግና የጀመረችው ከሦስተኛው ምክንያት ነው። የደረጃዎቹ ስሞች ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛና እጅግ ከፍተኛ ስለሆኑ መካከለኛ የሚባለው 2ኛው እንጂ 3ኛው አለመሆኑን አስረዳች። በ2ኛው ደረጃ ሰው ናዳ ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ ይገመታል፤ በ3ኛው ግን የሚያስነሳ መሆኑ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ተራራው በራሱ ጊዜ ሊናድ የሚችልበት ዕድልም አለ። በናዳ ከሚሞቱት ሰዎች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው 3ኛው ደረጃ የታወጀበት ቀን መሆኑንም አክላለች። 4ኛውና 5ኛው ደረጃ በታወጀበት ቀን አብዛኛው ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ በ3ኛው ደረጃ ቀን ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱም ክፍት ሆኖ ስለሚታይ ሰው ይደፍራል።

2ኛው መልስ ከስዊዘርላንድ የመጣ ሲሆን የ1ኛዋን መላሽ አባባል ተቀብሎ አንድ እርማት አክሏል። ባለ አምስት ደረጃው መለኪያ በአውሮፓ በጋራ ጥቅም ላይ የዋለው ከ1993 ጀምሮ መሆኑን ጠቅሶ፣ በዳቮስ ያለው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋምም ሆነ የኮሎራዶው ማዕከል ቁጥሩን ብቻ እንደማያወጡ አሳሰበ። ትንበያው ከቁጥሩ ጋር አደጋው ከየትኛው ከፍታ በላይ እንደሆነ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ በዞረ ተዳፋት ላይ እንደሚብስና ምን ዓይነት ናዳ እንደሚያሰጋ ይናገራል። ከዛፍ ወሰን (ዛፍ ማደግ ከሚያቆምበት ከፍታ) በላይ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የዞሩ ተዳፋቶች አደገኛ ናቸው የሚለውን መስመር ዘልሎ ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ከትንበያው የሚጠቅመውን ክፍል አላነበበም ማለት ነው። ላቭላንድ ፓስ ከፍታው 3,655 ሜትር ስለሆነና ከመኪና ሲወርዱ ቀድሞውንም ከዛፍ ወሰን በላይ ስለሚገኙ፣ ይህ ጉዳይ ለጠያቂው ተራ ዝርዝር እንዳልሆነ በአጽንዖት ገልጿል።

በ3ኛው መልስ የቀረበው ሰው ግን ከጠያቂው ጎን ቆመ። በዚያው ተዳፋት ላይ ለብዙ ክረምቶች እንደተመላለሰ፣ ሁልጊዜም የሰው ዱካ ተከትሎ እንደሚሄድ፣ አንድም ቀን የበረዶ ጠጠር እንኳ ሲንከባለል እንዳላየ ተናገረ፤ ማዕከሉም ተጠያቂነትን ለማስወገድ ሲል ደረጃውን ከፍ አድርጎ ያወጣል የሚል ጥርጣሬውን አከለ። ይህ መልስ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። ሰውየው ያየውን እየተናገረ ስለሆነ ውሸት ተናገረ ለማለት አይቻልም፤ ለማረም የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእሱ ምላሽ የሰጠው 4ኛው መላሽ፣ በእኔ ግምት የዚህን ውይይት ዋና ሐሳብ ያስቀመጠ ሰው ነው። አደገኛ ተዳፋትም ቢሆን በአብዛኛው ቀን አይናድም፤ ስለዚህ በደህና የተመለሰ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ ስለወሰነ ይሁን ዕድል ስለቀናው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ተራራውም አይነግረውም። በሰው አእምሮ ላይ ያተኮረውን የኢያን ማካሞንን ጥናትም አነሳ። ማካሞን በአሜሪካ የደረሱ ከ700 በላይ የመዝናኛ ጉዞ አደጋዎችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ ተጎጂዎች የአደጋ ምልክቶችን እያዩ እንደገቡ፣ ለዚህም የገፋፏቸው ቦታውን መልመዳቸው፣ የያዙትን ዕቅድ ላለመተው መፈለጋቸው፣ አዋቂ ነው ብለው የሚከተሉት ሰው መኖሩና የሌሎች ሰዎች በስፍራው መገኘት መሆናቸውን አሳይቷል። መላሹ ከዚህ ተነስቶ ዱካ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፦ ሰው በዚህ አልፏል። መቼ እንዳለፈ፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህል አዲስ በረዶ እንደወረደ፣ ነፋስ ከየት አንሥቶ የት እንደከመረ፣ ያለፈው ሰው ምን ያህል ለመናድ እንደቀረበ ዱካው አይናገርም። ከበረዶው ሥር ደካማ ንብርብር በተቀበረበት ጊዜ ደግሞ ዘጠኝ ሰው በደህና ያለፈበትን ተዳፋት፣ በረዶው ሳሳ ያለበትን አንዲት ነጥብ የረገጠው አሥረኛው ሰው ሊያስነሳው ይችላል።

5ኛው መልስ ረዘም ያለ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የተማርኩበት እሱ በመሆኑ እኔም ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው በአንድ የበረዶ ሸርታቴ ማዕከል የሚሠራ ወንድም ሲሆን፣ ጥያቄው ከዱካ ወደ በረዶው ሆድ መዞር አለበት ብሎ ጀመረ። ኮሎራዶ ከባሕር የራቀች ስለሆነች በክረምቱ መጀመሪያ የሚወርደው በረዶ ሥሥ፣ ሌሊቱም ጥርት ያለና ብርዳማ ነው። ከበረዶው ሥር ያለው መሬት በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቆይ የበረዶው ገጽ ግን እጅግ ይቀዘቅዛል። የሙቀቱ ልዩነት በየ10 ሴንቲ ሜትር ከ1 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ከሥር የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ እየወጣ የበረዶውን ቅንጣቶች ይለውጣቸዋል፤ ክብ የነበሩት ማዕዘን ያወጣሉ፣ ይተልቃሉ፣ እርስ በርስ መያያዝም ያቆማሉ። የሙያው ሰዎች ይህን ስኳር በረዶ ይሉታል። በጥቅምትና በኅዳር በጥላማ ተዳፋቶች ላይ የተሠራው ይህ ንብርብር ከታኅሣሥ በኋላ በሚወርደው በረዶና በነፋስ በሚጋዘው ክምር ይሸፈናል፤ ላይኛው እየጠነከረ አንድ ወጥ ንጣፍ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ግን ለሳምንታት፣ አንዳንድ ዓመት እስከ ጸደይ ድረስ፣ እንደላላ ይቆያል።

ቀጥሎም እሱና ባልደረባው ሊያልፉት ከነበረው ተዳፋት አጠገብ፣ ከላይ ምንም በማያሰጋ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍረው ያዩትን ተረከ። የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በጓንት ሲዳስሱት ላይኛው ክፍል ጣትን እንኳ አያስገባም ነበር፤ ከመሬቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ግን ጣት ያለ ምንም ትግል ሰተት ብሎ ገባ፤ ቅንጣቶቹም ከግድግዳው እየተንኮታኮቱ በእግራቸው ሥር ተከመሩ። በጥቁር ጓንት ላይ አድርገው ሲያዩአቸው እያንዳንዳቸው የሚያብረቀርቅ ገጽ ነበራቸው። ከዚያም 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበረዶ ዓምድ ከጎንና ከኋላ በገመድ መጋዝ ለይተው፣ በአንደኛው ጫፍ ላይ የአካፋ ምላስ አስቀምጠው ይመቱት ጀመር፤ ደንቡ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ነው። ከክርን በሚመቱበት ዙር መሐል ስንጥቁ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በቅጽበት ሮጦ ዓምዱ እንዳለ ወደ ጉድጓዱ ተንሸራተተ። ሊያልፉት የነበረው ተዳፋት በዱካ የተሞላ ነበር፤ ሁለቱም ግን ወደ መጡበት ተመለሱ። መልሱን የዘጋው በማስጠንቀቂያ ነው፦ በረዶ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ አንድ ጉድጓድ አደጋ ካሳየ ይታመናል፤ ደህና ነው ካለ ግን በእሱ ብቻ ትንበያን መሻር አይቻልም።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ በጨዋነት ሄደ። 6ኛው መልስ ግን ስለት ነበረው። ጸሐፊው ጠያቂውን ስለ ራስህ የፈለግኸውን ወስን፣ ነገር ግን የተራራውን ጠባይ የማታውቅ፣ ለጥየቃ የመጣች እህትህን ይዘህ የምትገባው በማን ፈቃድ ነው ብሎ ጠየቀው። እግረኛ ናዳ አያስነሳም የሚለውንም ያፈረሰው በማስረጃ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2022፣ በብሬከንሪጅ አቅራቢያ በሁዚየር ፓስ አካባቢ፣ በስኖውሹ ይጓዙ የነበሩ ሁለት ሰዎች ከውሻቸው ጋር በናዳ ሞተዋል። ቀኑ ቅዳሜ፣ የገና ማግስት እንደነበረም አስታወሰው። በናዳ ከሚያዙት ሰዎች 10 ከሆኑ ዘጠኙን የያዘው ናዳ ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ያስነሣው መሆኑን ጨምሮ ነገረው፤ ደካማው ንብርብር የሚሰማው ክብደትን እንጂ ክብደቱ በበረዶ ሸርታቴ (በስኪ) ወይም በስኖውሹ መምጣቱን አይለይም።

ጠያቂው በ7ኛው መልስ ተቆጥቶ ተመለሰ። በአክብሮት ጠይቄ እንደ ጥፋተኛ ልወቀስ አይገባኝም አለ፤ በደባርቅ፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ መወለዱን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ገደል ለገደል መሄዱን፣ ተራራን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ሊያስተምረው እንደማይችል ገለጸ። ቅሬታው ስለ አነጋገሩ ከሆነ እውነት ነበረው፤ ለ6ኛው መላሽም በግል መልእክት ይህንኑ አሳስቤዋለሁ። የሰጠው ማስረጃ ግን ትክክል ስለነበረ ጽሑፉን አላነሳሁትም።

ነገሩን ያበረደው 8ኛው መላሽ እሱም የደባርቅ ልጅ በመሆኑ የአገር ልጅነቱን አስቀድሞ ነው የጀመረው። የሰሜን ሰው ስለ ገደል፣ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ልቅ ድንጋይና ስለ ከፍታ ሕመም ያለው ዕውቀት እውነተኛና ውድ መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ከምድር ወገብ በ13 ዲግሪ ርቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚወርደው በረዶ ፀሐይ ሲነካው ይሟሟል፤ ወር ከወር እየተደራረበ፣ የኅዳሩ በጥሩ ሥር እየተቀበረ አይቆይም። ስለዚህ የበረዶ ንብርብርን ማንበብ ከዚያ ተራራ የማይገኝ ትምህርት ነው፤ ይህን አለማወቅም የተራራ ልጅነትን አይቀንስም ብሎ ደመደመ። ለተቆጣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ የሚጽፍ አባል ስላለን ደስ ይለኛል።

በ9ኛው መልስ አንድ ጠና ያሉ አባት ጣልቃ ገቡ። ሰው ቀኑ ካልደረሰ በናዳም በባሕርም እንደማይሞት፣ ቀኑ ከደረሰ ደግሞ በአልጋው ላይም ሆኖ እንደማይቀርለት ጽፈው፣ ወጣቶቹ ጸሎት አድርሰው እንዲሄዱ መከሩ። በ10ኛው መልስ ዲያቆን የሆነ ወንድም እርስዎ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ በወንጌል ያለውን የፈተናውን ታሪክ አስታወሳቸው፤ ጌታ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተጠየቀ ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል፤ ትንበያን አንብቦ ወደ ናዳ መንገድ መግባትም ከዚያ የተለየ አይደለም። እኚህ አባት ከዚያ በኋላ አልጻፉም።

11ኛው መልስ ከኮሎራዶ ወጥቶ ወደ አገር ቤት ሄደ። ጸሐፊዋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት ናዳ አነሳች፤ ከ200 በላይ ሰዎች ያለቁበት ያ አደጋ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ እንደቀበረ አስታውሳ፣ ዘመድ የቀበሩ ቤተሰቦችን ሐዘን ገለጸች። አንዳንዶች ይህ ከርዕሱ የወጣ ነው ብለው እንዲነሳ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን የቀጣዩን መልስ በር የከፈተው እሱ በመሆኑ ተውኩት። 12ኛው መላሽ የነገሩን ግንኙነት ወዲያው አየው፦ በተራራ ላይ አዳኙ የሚቆመው የመጀመሪያው ናዳ በወረደበት ቦታ ላይ ነው፤ ከጎኑ ያልወረደ በረዶ ሊኖር ይችላል። በኮሎራዶ የፍለጋና የማዳን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሥራቸውን ትተው፣ ልጆቻቸውን ቤት ትተው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ ብሞት የራሴ ጉዳይ ነው የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም አለ። ብዙ ወገኖቻችን ክፍያ ፈርተው ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ 911 ከመደወል እንደሚዘገዩ ስለሚያውቅ፣ ፍለጋውና ማዳኑ በግዛቱ እንደማያስከፍል፣ የሕክምና ሄሊኮፕተርና አምቡላንስ ግን እንደሚያስከፍሉ አስረዳ፤ ይህን መረጃ ለይተው እንዲይዙት እመክራለሁ።

13ኛው መልስ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ ወንድማችን የጻፈው ነው። በኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ ክረምት ከበጋ እንደሚመላለስ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ሰንሰለት ሳይዝ የሚያልፍ የጭነት መኪና እንደሚቀጣ ተርኮ፣ ሰንሰለት በብርድ ሲታሰር ጣት እንዴት እንደሚደነዝዝ በሰፊው አወጋ። መንገዱ ተዘግቶ የመንገድ ባለሥልጣን ሠራተኞች በፈንጂ የተራራውን በረዶ ሲንዱ ሰልፍ ይዞ መጠበቁንም አወሳ፤ በማርች 2019 በቴንማይል ሸለቆ ናዳው አውራ ጎዳናው ላይ እስከ መኪኖች መድረሱን አስታወሰ። ከዚህም ተነስቶ፣ በላቭላንድ ፓስ መንገድ ላይ ፈንጂ ስለሚተኮስ ቦታው የጸዳ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። 14ኛው መልስ አጭር እርማት ነበር፦ ፈንጂው የሚያጸዳው ወደ መንገዱ የሚወርዱትን የናዳ መስመሮች ብቻ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ያለውን ተዳፋት ማንም አይነካውም።

በ15ኛው መልስ የቦልደሯ እህት ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ውይይቱ ድምፁን ቀየረ። የተረከችው በዚያው በላቭላንድ ፓስ አቅራቢያ፣ ሺፕ ክሪክ በሚባል ስፍራ ኤፕሪል 20 ቀን 2013 የደረሰውን አደጋ ነው። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ልምድ ያላቸው፣ መሣሪያ የያዙ፣ የዕለቱን ትንበያ ያነበቡና አደጋው ያለበትን ተዳፋት ለይተው ያወቁ ነበሩ። የዕለቱ ደረጃ 3 ነበር። ወደ ተዳፋቱ ላይ ሊወጡም አላሰቡም፤ ዓላማቸው ከግርጌው በኩል፣ ርቀት ጠብቀው፣ በፍጥነት ተሻግረው ወዲያ ካለው አስተማማኝ ስፍራ መድረስ ነበር። ከታች ሳሉ በረዶው ከሥራቸው ተደረመሰ፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ሮጦ ተዳፋቱን በሙሉ ለቀቀው። አምስቱ ሞቱ፤ አንዱ በከፊል ተቀብሮ ተረፈ። ከ1962ቱ የትዊን ሌክስ ናዳ ወዲህ በኮሎራዶ ብዙ ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ እሱ ነው።

ጸሐፊዋ ከዚህ ያወጣችው ለጠያቂው የሚሆን አንድ ነጥብ ነው። ሜዳ ላይ መራመድ በራሱ አያድንም። ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው፤ እግረኛው ግን በሜዳው ላይ ሆኖ ከርቀት ሊያስነሳው፣ ሲወርድም በመንገዱ ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። ከእግር ሥር ዉምፍ የሚል ድፍን ድምፅ መሰማቱ፣ በረዶው ከጫማ ጫፍ እየተሰነጠቀ መሮጡ፣ በአካባቢው አዲስ ናዳ መታየቱ ተራራው የሚሰጣቸው ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ በታዩበት ቀን የቀድሞ ዱካ ዋጋ የለውም።

ጠያቂያችን በ16ኛው መልስ ላይ ቁጣው በርዶ ነበር። ለሰባቱ ሰዎች አንድ ቢከን ተከራይተው ቢሄዱ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ። ቢከን ከሰውነት ጋር ታስሮ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክ፣ የተቀበረን ሰው ምልክትም የሚፈልግ መሣሪያ ነው። 17ኛውን መልስ የሰጠችው ነርስ እንዲህ ያለው ሐሳብ እንዳስደነገጣት አልሸሸገችም። ቢከን የያዘው ሰው ቢቀበር ምልክቱን የሚቀበል ሌላ ቢከን የለም፤ ሌላው ቢቀበር ደግሞ የሚልከው ምልክት የለም። እያንዳንዱ ሰው ቢከን፣ የሚዘረጋ መፈለጊያ ዘንግና የብረት አካፋ መያዝ አለበት፤ በእነዚህም አስቀድሞ መለማመድ አለበት። የደነገጠችበትን ምክንያት በቁጥር አስረዳች፦ በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ከተቆፈሩት ሰዎች አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን የሚተርፈው ከሦስት አንድ ሰው ገደማ ነው፤ ዋናው ገዳይ የአየር እጦት ስለሆነ። 911 ተደውሎ አዳኝ እስኪደርስ ይህ ጊዜ ያልፋል፤ ስለዚህ የተቀበረውን የሚያድነው አብሮት ያለው ሰው ነው። ሞባይል ስልክ የቢከንን ምልክት ስለሚያውክ፣ በጉዞ ላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በፍለጋ ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር መራቅ እንዳለበትም አከለች። ሁሉን ከነገረችው በኋላ ግን፣ መሣሪያ ሰውን ከናዳ እንደማይከለክለው፣ በዛፍና በድንጋይ ተላትሞ ለሚሞተው ደግሞ ምንም እንደማይረዳው ጻፈች።

በ18ኛው መልስ የሄዱበትን ዓላማ ሳይተው አደጋውን የሚያስወግድ አማራጭ ቀረበ። እንግዳዋ በረዶ ማየትና በስኖውሹ መራመድ ከሆነ የፈለገችው፣ ለክረምት ወደሚዘጋው የብሬነርድ ሐይቅ መንገድ ወይም ወደ ጎልደን ጌት ካንየን ግዛታዊ ፓርክ መሄድ ይቻላል፤ በሁለቱም ስፍራ በደን ውስጥ የሚሄድ ለዘብ ያለ መንገድ አለ። መላሹ አንድ ማስተካከያ ሰጠ፤ መንገዱ ከ30 ዲግሪ በታች መሆኑ ብቻ ሳይሆን ከላዩ የተንጠለጠለ ሌላ ተዳፋት አለመኖሩም መታየት አለበት፤ በብሬነርድም ቢሆን ከሐይቁ አልፎ ወደ ተራሮቹ ሥር መግባት ሌላ ጉዳይ ነው። ዝንባሌውን በቀለም የሚያሳይ ካርታ በስልክ ላይ ከቤት አውርዶ መሄድ እንደሚጠቅምም ነገራቸው።

ጠያቂው በ19ኛው መልስ ጉዞውን ወደ ብሬነርድ ማዞሩን አስታወቀ። ስለ ዱካ ያለውን አስተያየት ግን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ዱካ ተዳፋቱ ደህና መሆኑን ባያረጋግጥ እንኳ መንገዱ የት እንደሆነ ያሳያል አለ። 20ኛው መልስ የ4ኛው መላሽ ነበር። ይህም ቢሆን በክረምት አይሠራም ብሎ መለሰ። ዱካውን የተወው ሰው መድረሻው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የስኪ ተጫዋች ቁልቁለት ስለሚፈልግ ዱካው የሚመራው ወደ ቁልቁለት ነው። የበጋው የእግር መንገድም ቢሆን የተቀየሰው ለበጋ ስለሆነ የናዳ መስመሮችን ሳይጠነቀቅ ያቋርጣል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ካርታና ትንበያ ይዞ የሚሄድ ሰው ዱካ አያስፈልገውም፤ ያልያዘ ሰው ደግሞ የሚከተለው የማያውቀውን ሰው ውሳኔ ነው።

21ኛውና የመጨረሻው መልስ ከበረዶ ሸርታቴ ማዕከሉ ሠራተኛ መጣ። ጠያቂው ወደፊት ኮርሱን ወስዶ ቢከን ሲገዛ ወይም ሲከራይ እንዲጠነቀቅ፣ ለአብዛኞቹ ቢከኖች አምራቾቹ የሚፈቅዱት አልካላይን ባትሪ ስለሆነ፣ እየተሞላ የሚሠራ ባትሪ እንዳያስገባ፣ የመሣሪያውንም መመሪያ እንዲያይ መከረው። ከመኪና ወርደው ጉዞ ሲጀምሩም አንድ ሰው ጥቂት እርምጃ ቀድሞ ቆሞ ቢከኑን ወደ ፍለጋ ማዞር፣ የቀሩት አንድ በአንድ በአጠገቡ እያለፉ ምልክታቸው መሰማቱን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ ወደ መላክ ማዞሩን ሌላ ሰው ማየት ይኖርበታል።